ግልባጭ ለአምስቱም

ልጅቱ መጥታ ከዣንጥላዬ ሥር እንደቆመች መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ «ብዙነሽ የምትባለው መሥሪያ ቤት የት ናት?» ብላ ነው።

እኔ አስረስ እባላለሁ። ደብረ ታቦር፣ ከትልቁ ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ዳዊት ከደገምሁ ወዲህ ያለውን ትምህርት ያስተማረኝ የሰው ጉዳይ ነው። ሥራዬ ከመጻፍ ይልቅ መስማት ይበዛዋል። ሰው ለአንድ ገጽ ማመልከቻ ግማሽ ቀን ይናገራል፤ ከአማቱ ይጀምራል፣ በበረዶው ዘመን ያልፋል፣ ዋናው ጉዳይ ላይ ሲደርስ ይደክመዋል። እኔ ዝም ብዬ እሰማና እሱ ከደከመበት ላይ እጀምራለሁ።

«ብዙነሽ መሥሪያ ቤት አይደሉም ልጄ» አልኋት። «ከገሳይ ወዲህ የሚኖሩ የሰባ ስድስት ዓመት ባልቴት ናቸው።»

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?»

«ማመልከቻቸውን የምጽፍላቸው እኔ ነኝ።»

የጠፋ ከብት ዱካ እንዳገኘ ሰው አየችኝና የባለጉዳይ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ቃልኪዳን ትባላለች። የመጣችው ከዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጥናቷም መሥሪያ ቤቶች አንድን ፖሊሲ ሲያስፈጽሙ ምን ያህል ተቀናጅተው እንደሚሠሩ ማወቅ ነው። ለዚህም ኮምፒውተሯ የዘጠኝ ዓመት ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ፣ አርባ አንድ ሺህ ገጽ፣ በሦስት ቀን አንብቦ ጨርሷል።

«ያነባል ስልዎት ይገባዋል ማለቴ አይደለም» አለችኝ። «ማን ለማን ጻፈ፣ ስለ ምን ጻፈ፣ የትኛው ስም ከየትኛው ጋር ደጋግሞ መጣ፣ ይኸን ነው የሚቆጥረው።»

አልፈረድሁበትም። እኔም ዳዊት ስጀምር እንደዚያው ነበርሁ።

ሥዕሉን አሳየችኝ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ነጥብ ነው፤ የሚጻጻፉት በክር ተያይዘዋል፤ ብዙ የተጻጻፉት ክራቸው ወፍራም ነው። አብዛኞቹ ነጥቦች ዳር ዳር ላይ፣ እንደ ተኳረፈ ዘመድ ተራርቀው ተቀምጠዋል። መካከል ላይ ግን አንድ እንደ ሎሚ ያበጠ ቀይ ነጥብ አለ፤ አምስት መሥሪያ ቤቶች በወፍራም ወፍራም ክር ታስረውበታል። ከሥሩ «ብዙነሽ» ይላል።

«ማሽኑ በአካባቢው ካሉ ተቋማት ሁሉ ሌሎቹን በማገናኘት የምትበልጥ እሷ ናት ይላል» አለች። «አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደብዳቤ። ምንድን ነው የሚሠሩት ሴትዮዋ?»

«ጉድጓድ አለባቸው» አልኋት።

ነገሩን ከሥሩ ነገርኋት፤ ለእናንተም ልንገራችሁ። የአምስቱን መሥሪያ ቤቶች ስም አልጠራም፤ ሐሜት ይሆንብኛል። በሥራቸው እጠራቸዋለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በእማማ ብዙነሽ ቀዬ የውኃ ቧንቧ ሊያልፍ ተወሰነ። ለኪው ሊለካ፣ ቆፋሪው ሊቆፍር፣ አምጪው ቧንቧ ሊያመጣ፣ ቀባሪው ቧንቧውን ሊቀብር፣ አፈር መላሹ አፈሩን ሊመልስ ተስማሙ። ለኪው ለካ። ቆፋሪው ከእማማ ብዙነሽ ደጅ ፊት ለፊት፣ ከበራቸው ሦስት እርምጃ ላይ፣ የሰው ቁመት የሚውጥ ቦይ ቆፍሮ ሄደ። ከዚያ ቧንቧው በሌላ መንደር እንዲያልፍ ተወሰነ። አፈር መላሹ ሲጠየቅ፣ «ቧንቧ ያልተቀበረበትን ጉድጓድ መድፈን በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ የለም» አለ።

ጎረምሳው የባሕር ዛፍ ግንድ አጋድሞ ይሻገራል። እማማ ብዙነሽ ግን በግንድ ላይ መሄድ ስለማይችሉ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም በጎረቤታቸው በደሳለኝ የገብስ ማሳ ዳር ዳር ይዞራሉ። በእግር ሲሆን ይህም አይከፋ። የሳቸው ጭንቀት ሌላ ነው።

«አስረስ ልጄ፣ እኔ ብሞት በየት ነው የምወጣው?» አሉኝ ያኔ፣ መጀመሪያ የመጡ ዕለት። «ቃሬዛ በግንድ ላይ አይሄድ። በደሳለኝ ማሳ ልውጣ ብል ሬሳ የሚሸከመውና የሚከተለው ገብሱን ይረግጠዋል። የሰው እህል ረግጬ ፈጣሪዬ ፊት ልቁም?»

ደሳለኝ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀልድ ነው የሚያበዛው። «ግድ የለም እማማ፣ እኔ እፈቅዳለሁ» ይላቸዋል። «ብቻ ሞትዎን አጨዳው ካለቀ በኋላ፣ ከታኅሣሥ ወዲህ ያድርጉት።» እሳቸው ግን ቀልድ አላደረጉትም። ክረምት በገባ ቁጥር ጉንፋን እንኳ ሲይዛቸው፣ «ጊዜዬ አይደለም፣ ገብሱ ቆሟል» እያሉ ተነሥተው ይቀመጣሉ።

እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ነው። ማመልከቻውን አሳምሬ ጻፍሁ። «ጉዳዩ፦ በደጄ ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ እንዲደፈንልኝ ስለመጠየቅ።» ከዚያ፣ ነገሩ እንዲፈጥን ብዬ፣ ከግርጌው «ግልባጭ፦» አልሁና አምስቱንም ጻፍሁ። የማመልከቻ ጸሐፊ ኩራቱ ግልባጩ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ጉዳይ ከመሳቢያ ይቀራል፤ አምስት ሰው ካወቀው ግን ያፍራሉ ብዬ ነበር።

አላፈሩም። ለኪው ለቆፋሪው ጻፈ፣ ግልባጭ ለሦስቱ። ቆፋሪው ለአምጪው መለሰ፣ ግልባጭ ለሦስቱ። አፈር መላሹ ደብዳቤው ስለ ደረሰው አመሰገነ፣ ግልባጭ ለሦስቱ። እኔም በየሦስት ወሩ አዲስ ማመልከቻ እየጻፍሁ እሳቱን እቆሰቁስ ነበር።

ቃልኪዳን ይህን ሁሉ ሰማች። ከዚያ ሌላ ሥዕል ከፈተች። «ይኸንን እንኳ ላሳይዎት አላሰብሁም ነበር» አለች። «አንድ ጉዳይ ስንት መሥሪያ ቤት ግልባጭ ሲደረግለት በስንት ጊዜ ያልቃል የሚለው ነው። ያለ ግልባጭ፣ ሁለት ወር። በአንድ ግልባጭ፣ ስድስት ወር። በሁለት፣ አንድ ዓመት ተኩል። በሦስት፣ አራት ዓመት።»

«በአምስትስ?»

«በአምስት ማሽኑ ቁጥር አልሰጠኝም። መስመሩ ከገጹ ላይ ወጥቶ ሄደ።»

ያን ቀን ሌላ ማመልከቻ ሳልጽፍ ዣንጥላዬን አጥፌ ቤቴ ገባሁ።

ጥናቱ ሲያልቅ ትልቅ ዐውደ ጥናት ተጠራ። እኔም «ባለድርሻ አካል» ተብዬ ተጠራሁ። እማማ ብዙነሽን በመኪና አምጥተው ከፊተኛው ረድፍ አስቀመጧቸው፤ ውኃ በፕላስቲክ ተሰጣቸው፤ በነጠላቸው ላይ ባጅ ተለጠፈባቸው። የቅንጅት ኮሚቴ ሰብሳቢው አቶ ይርጋ መድረክ ላይ ወጥተው ቀዩን ነጥብ በግድግዳው ላይ የበሬ ጭንቅላት አሳክለው አሳዩ።

«ለዓመታት ቅንጅት የለም እየተባልን ስንወቀስ ኖረናል!» አሉ። «እነሆ ማሽን መሰከረ። አምስት መሥሪያ ቤቶች በአንድ ጉዳይ ላይ ለዘጠኝ ዓመት ሳያቋርጡ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!»

ጭብጨባው ሲያባራ እማማ ብዙነሽ ቀስ ብለው ተነሡ። «ጌታው፣ ድሩ ሲያብር ያሰረው እኔን ነው። ጉድጓዱ መቼ ይደፈናል?»

አቶ ይርጋ ደነገጡ። ፊታቸውን ሳየው ሰው «ቤትህን ላፍርስልህ» ያላቸው ይመስሉ ነበር። «እንዴት ይደፈናል እናቴ? ጉድጓዱ ተደፍኖ ፋይሉ ቢዘጋ ቅንጅቱ በምን ይቀጥላል? ጉድጓዱማ ሀብታችን ነው! ከሌላ አካባቢ ልምድ ሊቀስሙ የሚመጡ አሉ።» ቀጥለውም መስታወት በተገጠመበት ሰሌዳ የምስጋና ወረቀት አስረከቧቸው።

እማማ ብዙነሽ ሰሌዳውን ገለበጡት፣ ክብደቱን በእጃቸው መዘኑት። «ይኸ ጉድጓዱ ላይ ቢጋደም ሰው ያሻግራል?» አሉ።

ቃልኪዳን ሁለተኛውን ሥዕል ልታሳይ እጇን ብታነሣም የምሳ ሰዓት ደረሰ።

በሳምንቱ ከጉድጓዱ አጠገብ ሰሌዳ ተተከለ፦ «በቅንጅት ላይ ያለ ሥራ። መንካት ክልክል ነው።» ደሳለኝ ሰሌዳውን አንብቦ፣ «እማማ፣ እንግዲህ መሞትም በደብዳቤ ሆነብዎ» አላቸው። እማማ አልሳቁለትም፤ እሱም ይህን አይቶ ወደ ማሳው ተመለሰ።

ጾሙ ሊገባ ሲል ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። እኔ የዚያው ቀዬ ተወላጅ ነኝ፤ መምሬ ይሻውም የእማማ ብዙነሽ ደብር አገልጋይ ናቸው። ከዋርካው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አባቴ፣ ግልባጭ ጻፍሁ» አልሁ።

«ምን ጻፍህ?»

«ግልባጭ።»

መምሬ ጢማቸውን ያዙ። «ይኸ ከየትኛው ወገን የሚመደብ ኃጢአት ነው? ከሐሰት ነው ከሐሜት?»

ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው፤ የማሽኑን መስመር፣ ከገጹ ላይ ወጥቶ መሄዱን ሳይቀር። ለኩራቴ ስል የአንዲት ባልቴት መውጫ እንደዘጋሁ ተናዘዝሁ። መምሬ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ፤ እኔ ሰው የምሰማውን ያህል ነው የሰሙኝ።

«ስንት ጻፍህ?»

«በዓመት አራት ማመልከቻ፣ በዘጠኝ ዓመት ሠላሳ ስድስት። በአምስት ግልባጭ መቶ ሰማንያ።»

«መቶ ሰማንያ ስግደት ልልህ ነበር። ግን ጉልበትህን አውቀዋለሁ፣ ሦስተኛው ላይ ትቀራለህ።» ወደ መንደሩ አሻግረው ተመለከቱ። «መቶ ሰማንያ ድንጋይ ከወንዙ ተሸክመህ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ጨምር። አንድ በአንድ። እያንዳንዱን ስትጥል አንድ ጊዜ ‹አቤቱ ይቅር በለኝ› በል።»

«አባቴ፣ መንካት ክልክል ነው ይላል።»

«ቀኖና ነው የሰጠሁህ። ኮሚቴው ኃጢአትህን ይወስድልሃል?»

በጾሙ የመጀመሪያ ቅዳሜ ድንጋይ ይዤ ከጉድጓዱ አፋፍ ስቆም ያየኝ ደሳለኝ ነው። እየሮጠ መጣ።

«ኧረ አያ አስረስ! የመንግሥት ጉድጓድ ነው፣ ትታሰራለህ!»

«መንግሥትን አልነካሁም። ቀኖናዬን ነው የምፈጽመው።»

«ስንት ነው?»

«መቶ ሰማንያ።»

አፉን ያዘ። «መቶ ሰማንያ! እንዲህ ዝም ብለህ የምትቀመጠው፣ አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርገህ ነው?»

በማግሥቱ አገሩ ሁሉ የኔን ኃጢአት ሲገምት ዋለ። መምሬ ግን ነገሩን ወደዱት። እኛ ደገኞች ለስለት ድንጋይ ተሸክሞ ደብር መውጣት እናውቅበታለን፤ መምሬም የዚያን ዓመት ጾም የምእመኑን ቀኖና ሁሉ ድንጋይ አደረጉት። የተጣላ ድንጋይ፣ የማለ ድንጋይ፣ የጎረቤቱን ድንበር የገፋ የገፋውን ያህል አፈር በአህያ ጭኖ።

እንዲህ ያለ የሚታይ ንስሐ ታይቶ አያውቅም። ሴቶቹ ጥጥ እየፈተሉ አፋፉ ላይ ቁጭ ይላሉ፣ የሚጣለው ድንጋይ ሁሉ ይቆጠራል። ደሳለኝ ቀኖናዬ አምስት ድንጋይ ብቻ ነው ብሎ ለሚስቱ ለጌጤ ነግሯት ነበር፤ ስድስተኛውን ይዞ ሲመጣ ከሴቶቹ መካከል አገኛት።

«ያ የማን ነው?» አለችው።

«የ... የአያ አስረስን ላግዘው ብዬ ነው።»

«አያ አስረስ የራሱን እየተሸከመ ነው፣ ይኸው አጠገብህ ቆሟል! ደሳለኝ፣ ስድስተኛው የምንድን ነው?»

አንገቱን ደፋ። «በእማማ ብዙነሽ ሞት ስቀልድ የኖርሁበት ነው» አለ፣ ጣለውም። ጌጤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም። ሰባተኛውን ይዞ ሲመለስ ግን እሷም አንዲት ትንሽ ድንጋይ ከእግሯ ሥር አንሥታ፣ ምክንያቱን ሳትናገር፣ ወረወረች።

የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠባቂ ምንም ኃጢአት የለብኝም ብሎ ሦስት ሳምንት ቆየና ሰው ሁሉ ስለሚያየው አፍሮ አንድ ድንጋይ አመጣ፤ መምሬም «ይኸ የትዕቢት ነው» ብለው ሌላ ሁለት ጨመሩለት። እማማ ብዙነሽ ራሳቸው በየቀኑ በቁና አፈር ያመጡ ነበር። «እርስዎ ደግሞ ምን ኃጢአት አለብዎት?» ብላቸው፣ «በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አምስቱን መሥሪያ ቤት የረገምሁትን አንተ አልሰማህም» አሉኝ።

ስቅለት ሲደርስ ከእማማ ደጅ ፊት ያለው ቦይ እስከ አፉ ሞላ። ትንሣኤ ሌሊት በራቸውን ከፍተው፣ ቀጥ ብለው፣ በማሳ ሳይዞሩ ቅዳሴ ሄዱ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ አምስት መኪና ተከታትሎ መጣ። አቶ ይርጋ ናቸው፤ ልምድ የሚቀስሙትን እንግዶችና የአምስቱን መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ይዘዋል። እኔም አካባቢውን እንዳሳይ ታዝዤ፣ ቃልኪዳንም ከነኮምፒውተሯ፣ አብረን ነበርን። ከሰሌዳው አጠገብ ወርደው ግራ ቀኝ ተመለከቱ።

«ጉድጓዱ የታለ?» አሉ አቶ ይርጋ።

«ቆመውበታል» አሉ እማማ ብዙነሽ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ ከበራቸው ወጥተው።

ሰውዬው እግራቸውን አንሥተው ከሥር አዩ። ሁሉም እግሩን እያነሣ አየ። አቶ ይርጋ ላብ አጠመቃቸው። «ማን ደፈነው?»

«ኃጢአታችን ነው፣ ጌታው።»

«እሱ በየትኛው መሥሪያ ቤት ሥር ነው?»

«የሌለበት መሥሪያ ቤት ያለ አይመስለኝም» አሉ እማማ ረጋ ብለው። «በሁሉም ሳይኖር አይቀርም።»

የአፈር መላሹ ኃላፊ ወደ ፊት ወጣ። «እኛ አልደፈንንም!» አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ያለ ደብዳቤ አንዲት አካፋ አፈር አልመለስንም!» ሌሎቹም በየተራ ንጽሕናቸውን ተናገሩ። አቶ ይርጋ ቀስ በቀስ እፎይ አሉ። ቃለ ጉባኤ ያዡን ጠርተው፣ እዚያው ቆመው፣ እንዲህ ብለው አስጻፉ፦ ጉድጓዱን የመድፈን ሥልጣን ያለው አካል ስላልደፈነው ጉድጓዱ በሕግ ፊት ክፍት ነው። ይህንንም ለማስተካከል ቆፋሪው መሥሪያ ቤት እንደገና ይቆፍር፤ አፈር መላሹም በሕጋዊ መንገድ ይድፈን።

ቆፋሪው እንደሚቆፍር አውቃለሁ፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከለኪው ሌላ ሥራውን የጨረሰ እሱ ብቻ ነው።

እማማ ብዙነሽም ገባቸው። መቋሚያቸውን ጨበጡና፣ «እንግዲያው ከክፍቱ ላይ ገለል በሉልኝ፣ ሚካኤልን ልሳለም ነው» ብለው ወደ ፊት ተራመዱ።

ኃላፊዎቹ ገለል አሉ። እማማ የተደፈነው መካከል ላይ ሲደርሱ አቶ ይርጋ ሳያስቡት እጃቸውን ዘርግተው፣ «ይጠንቀቁ!» ብለው ጮኹ። አንዱ እንግዳ ዓይኑን ጨፈነ። እማማ ብዙነሽ አልወደቁም፤ ተሻግረው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ሳይሉ ሄዱ።

በማግሥቱ ጠዋት ዣንጥላዬን ስዘረጋ በርጩማው ላይ ቀድመውኝ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቃልኪዳንም ልትሰናበተኝ መጥታ አጠገባቸው ቆማለች።

«ማመልከቻ ጻፍልኝ» አሉ እማማ።

«እኔ እኮ ከእንግዲህ...»

«ስማኝ። ይቺ ልጅ አንድ ነገር ነገረችኝ። በአምስት ግልባጭ የተጻፈ ነገር መቼም አይፈጸምም ብላኛለች። እውነት ነው?»

ቃልኪዳንን አየኋት። «ማሽኑ ያለውን ነው የነገርኋቸው» አለች። «እነሱ መቆፈሩን በአንድ ደብዳቤ፣ ያለ ግልባጭ ነው ያዘዙት። እንደዚያ ከሆነ በሁለት ወር ይፈጸማል። ወደ አምስቱም ከተበተነ ግን...» እጇን ከገጽ ላይ እንደሚወጣ መስመር ወደ ሰማይ አነሣች።

ሐሰት መጻፍ አልፈልግም፤ ስለዚህ ብዙ አሰብሁ። ሐሰት የሚሆን ቃል ግን አልነበረበትም። «ጉዳዩ፦ በደጄ ላይ ያለው ጉድጓድ ለመድፈን ሲባል እንዳይቆፈርብኝ ስለማመልከት» ብዬ ጀመርሁ። ለቆፋሪው የተሰጠው ትእዛዝ በአምስቱም መሥሪያ ቤቶች በኩል በጋራ እንዲታይላቸው፣ እስኪታይም ድረስ ማንም አካፋ እንዳያነሣ፣ በትሕትና ጠየቅሁ። አንብቤ አሰማኋቸው፤ እማማ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙና አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ፈረሙ።

«ግልባጩን አትርሳ» አሉኝ።

ከግርጌው ጻፍሁ። ለኪው፣ ቆፋሪው፣ አምጪው፣ ቀባሪው፣ አፈር መላሹ፤ አንድም አልቀረብኝም። እማማ ብዙነሽ አምስቱን ፖስታ በነጠላቸው ቋጥረው በየቢሮው ሊያደርሱ ተነሡ።

እኔም ለሚቀጥለው ጾም ከወንዙ ዳር አምስት ድንጋይ መርጬ አስቀምጫለሁ።